የተገመጠው ዳቦ

ናርዙላን ሆዳም ነው እያለ የሚያማው ሰው በሳማርካንድ ሞልቷል። ዝም ብሎ ወሬ ነው። ሆዳም ያገኘውን ይበላል፤ ናርዙላ ግን ከሚቀርብለት ግማሹን አሽትቶ ይመልሳል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ቢወጣም፣ ከተማዋን የሚያውቃት በፌርማታ አይደለም፤ በድስት ነው። "ፖስታ ቤቱ በየት በኩል ነው?" ብትለው "ከሳምቡሳ መጋገሪያው ቀጥሎ፣ ሽንኩርት ከሚያበዛው ሳይሆን ከወዲያኛው" ይልሃል። ሌላ ከተማ አድሮ አያውቅም። "ለምን ብዬ?" ይላል። "እዚያ የሚበላ ነገር አለ እንዴ?" ሰው ሲስቅበት ደግሞ ይቆጣል፤ የምሩን ነዋ።

እሑድ እሑድ ዙር አለው። ጠዋት ኡስታ ሻሪፍ ዘንድ ኦሽ ይበላል፤ ሩዙ ከታች፣ ቢጫው ካሮት ከላይ፣ ስጋው ከሁሉም በላይ ተደርድሮ የሚቀርበውን። ያንን ሩዝና ካሮት አንድ ላይ የሚያማስል ሰው ካየ ሰላምታ ይነሳዋል። ቀትር ላይ ወደ ኡርጉት ተራራ ይወጣና ሀይዳር ሻይ ቤት፣ ጉድጓድ ውስጥ በጥድ ቅርንጫፍ ታፍኖ የበሰለ የበግ ስጋ። አመሻሽ ላይ ዛራፍሻን ወንዝ ዳር፣ ቢቢ ሮቢያ የምትጠብሰው ዓሣ ከነነጭ ሽንኩርት ውኃው። ከዚያ ቤት።

አንድ ልጁ ፓርቪዝ ጥርስ ካበቀለ ጀምሮ ይህንን ዙር አብሮት ዞሯል። ገና ፊደል ሳይቆጥር አንድ እሑድ ጎርሶ ሲያበቃ "አባባ፣ ዛሬ ካሮቱ ተቸኩሎበታል" አለ። እውነቱን ነበር። ሌላው አባት ልጁ ቁርአን ሲያኸትም ያለቅሳል፤ ናርዙላ በካሮት አለቀሰ።

እንግዲህ ያ ልጅ እንደ ሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሕንፃ ሊሠራ ሩሲያ ከሄደ ሁለተኛው መኸር ነው። የሄደ ዕለት እናቱ ሳኖባር ትኩስ ዳቦ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ገመጠው፤ ቀሪውን ወስዳ በክር ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። የሁሉም ቤት ወግ ነው። መንገደኛ የገመጠው ዳቦ ባለቤቱን ይጠራል ይባላል፤ መጥቶ እስኪጨርሰው ድረስ ማንም አይነካውም። የሳማርካንድ ዳቦ እንደሆነ ይደርቃል እንጂ አይሻግትም። ሳኖባር በየዓርቡ አቧራውን በላባ ታራግፍለታለች፤ የጥርሱ ምልክት ላይ ስትደርስ እጇን ቀስ ታደርጋለች።

ፓርቪዝም በየዓርቡ ይደውል ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "እሑድ የት በላችሁ? ንገሩኝ እስቲ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ" ይላል። ናርዙላም ከስቡ ጀምሮ እስከ አጥንቱ ይተርክለታል። ከዚያ አንድ ዓርብ ሳይደውል ቀረ። የሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ።

"ስልኩ ተበላሽቶበት ይሆናል" አለ ናርዙላ።

"የፓርቪዝ አባት፣ ዛሬም ሊበሉ ይወጣሉ?" አለችው ሳኖባር እሑድ ጠዋት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ካልወጣሁ ሰው ሁሉ ምን ሆኑ ይላል። ደግሞ ቤት ተቀምጦ መጨነቅ ሟርት ነው።" ይህን ይበል እንጂ እሱም ሌሊቱን ዓይኑን አልከደነም። ግን ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ዝናብ ያካፋል። ኡስታ ሻሪፍ ከትልቁ ብረት ድስት ጀርባ ቆሞ ናርዙላን ገና ከበሩ ሲያየው ጭልፋውን እንደ ዱላ አነሣበት።

"አንተ ክፉ ሰው! ልጅህ መጥቶ ትደብቀኛለህ?"

"የማን ልጅ?"

"የጎረቤት! ፓርቪዝ ነዋ! አሁን እኮ ነው የወጣው፤ በር ላይ አልተገናኛችሁም? አንተ ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ አቀረብኩለት፣ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ። ምነው እንዲህ ከሳ? እዚያ አገር ሰው አያበሉም?"

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። አሃ! ስልኩን ያጠፋው ሊያስደንቀን ኖሯል! የእናቱን እጅ ሳይስም መጀመሪያ ወደ ኦሽ! የማን ልጅ ሆኖ!

"ምን አለህ? ምን ተናገረ?"

"ምንም። ሲያዩት ፈገግ ይላል፣ አለቀ። ደግሞ አለባበሱ፤ ነጭ ነገር፣ ከኋላው በክር የሚታሰር። አሁን እንዲህ ነው ፋሽኑ? ጫማም የለው።"

"በዚህ ብርድ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ወጣት ነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ምግቤን ሳይነካው ነው የሄደው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዚህ ቤት ሳህን ሞልቶ ተመልሶ አያውቅም!"

ሳህኑ ገና አልተነሣም። ሩዙ እንደተከመረ፣ ስጋው ከላይ እንደተቀመጠ ነው፤ እንፋሎቱም ይወጣል። ናርዙላ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በጣቱ አንሥቶ ጎረሰ።

ጨው የለውም። ጨው ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ስቡም የለም፣ የካሮቱ ጣፋጭነትም፣ የተልባው ዘይት ሽታም። ትኩስ ነው፣ ይለሰልሳል፣ ግን እርጥብ ወረቀት እንደማላመጥ ነው። ተነሥቶ ከድስቱ አንድ ጭልፋ አስወጣና ቀመሰ። የወትሮው ኦሽ ነው፤ እንከን የለውም።

"ኡስታ፣ ያኛው ከዚህ ድስት ነው የወጣው?"

"ሌላ ድስት አለኝ እንዴ?" ሽማግሌው ተቆጥቶ መጣና ከሳህኑ ጎረሰ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ቢስሚላህ" አለና መዳፉ ላይ ተፋው። እግሩ ስር ለምትዞረው ድመት ጣለላት። ድመቲቱ አንዴ አሸተተችው፤ ጸጉሯ ቆመ፤ ሽቅብ እያየችው ወደኋላ ወደኋላ ሄደች።

ኡስታ ሻሪፍ ሳህኑን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጓዳ ወሰደው። ናርዙላ ውጭ ወጥቶ ለሳኖባር ደወለ፤ እንዳያስደነግጣት አዙሮ "ቤት እንግዳ አልመጣም?" አላት። "የምን እንግዳ? ማን ይመጣል?" አለች። "ለነገሩ ነው" ብሎ ዘጋ።

ግን ሰው ልጁ መጥቷል ሲባል ክፉ ክፉውን ማሰብ አይፈልግም። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከኦሽ በኋላ ደግሞ የት እንደሚሄድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ተራራው ላይ እደርስበታለሁ አለ። መኪናውን አስነሥቶ ወጣ።

መንገዱ ላይ ዝናቡ በረታ። ኡርጉት ሲደርስ የሀይዳር ሻይ ቤት ከቺናር ዛፎቹ ስር ጭር ብሏል፤ የእንጨት መደቦቹ ላይ እርጥብ ቅጠል ተነጥፏል። በመጨረሻው መደብ ላይ ብቻ፣ ከጣሪያው በታች፣ የማዕድ ጨርቅ ተዘርግቷል።

"ናርዙላ-አካ!" ሀይዳር እየሮጠ ወጣ። ከናርዙላ በዕድሜ ስለሚያንስ 'አካ'፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ይለዋል፤ ቀልደኛ ነው፤ ዛሬ ግን ፈገግታው ግማሽ ነበር። "እርስዎን ስጠብቅ ነበር። ልጅዎ አሁን ወረደ። አብረን እንጠብቃቸው ብለው ምን ያደርጋል፣ አልሰማኝም።"

"በምን መጣ? በምን ሄደ?"

"እሱን ነው የምልዎት። መኪና አላየሁም። ብድግ ስል እዚህ ተቀምጧል። ዝናቡን ያዩታል አይደል? እኔ ከምድጃው እዚህ እስክደርስ ጨርቅ ሆኛለሁ። እሱ ደረቅ ነው፣ አካ። ባዶ እግሩን ነው፤ እግሩም ደረቅ ነው። 'ፓርቪዝ፣ ሩሲያ ሄደህ በጠብታ መሐል መሄድ ተማርክ እንዴ?' ብዬ ቀለድኩበት። አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ መቀለድ አስጠላኝ።"

ስጋው ጨርቁ ላይ አለ፤ ስቡ የሚያብረቀርቅ የበግ ጎድን። ናርዙላ መቅመስ አልፈለገም። እጁ ግን የለመደውን ያደርጋል፤ ቆርሶ አፉ ውስጥ አስገባው። ጭሱ የለም፣ ጥዱ የለም፣ በግነቱ የለም። አጥንቱን አፍንጫው ላይ ያዘው፤ ድንጋይ እንኳ ይሸታል፤ ያ አጥንት ግን ምንም አይሸትም። ያን ጊዜ ቆሌው ተገፈፈ።

ስልኩ የጮኸው አጥንቱን እንደያዘ ነው። ቁጥሩ የሩሲያ ነው።

"ፓርቪዝ?"

"አይደለም ናርዙላ-አካ፣ ኢልሆም ነኝ።" የሰፈር ልጅ ነው፤ ከፓርቪዝ ጋር አንድ ክፍል ይኖራል። "አካ፣ ይማሩኝ። ደበቅኳችሁ። ይነቃል፣ ያኔ ራሱ ይነግራቸዋል ብዬ ነው። ፓርቪዝ ከመወጣጫው ወደቀ። ሐኪም ቤት ነው። ከወደቀ ጀምሮ እንደተኛ ነው፣ አልነቃም።"

ናርዙላ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ሀይዳር ትከሻውን ያዘው።

"ሐኪሞቹ ዛሬ ልቡ እየደከመ ነው አሉኝ። ለቤተሰብ ተናገር አሉኝ። አካ፣ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም። በቱቦ ነው የሚመገበው፣ በአፉ ምንም አይገባም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ያኝካል።"

"ምን አልከኝ?"

"ያኝካል። ዓይኑ ተከድኖ አገጩ ይንቀሳቀሳል። ያኝክና ይውጣል፣ ከዚያ ያርፋል። እንደገና ያኝካል። አስታማሚዋ ፈርታ ክፍሉ አልገባም አለች። አሁን ደግሞ ከንፈሩን እየላሰ ነው።"

ናርዙላ ምን ብሎ እንደዘጋ አያስታውስም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልቁል ሲነዳ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረው፤ ወንዙ ጋ ልድረስበት። በዓይኔ ልየው፤ ልያዘው፤ ቀሚሱን ጨምድጄ ልያዘውና የት እንደሚሄድ አያለሁ። ሰው ሁሉ ልጄን ሲያይ እኔ ምን ባደርገው ነው የሚሸሸኝ! አለቀሰ፤ ተሳደበም። መንገድ የዘጋበትን የጭነት መኪና እናቱን ሰደበ።

ዛራፍሻን ዳር ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ቀኑ ወደ ማምሻው ነበር። ቢቢ ሮቢያ ዘይቱ ፊት ቆማለች፤ የዓሣ መጥበሻው ይንጫጫል። አሮጊት ናት፤ ለናርዙላ የታላቅ እህት ያህል ናት። እሱን ስታይ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።

"እንዳትናገር፣ አውቄያለሁ" አለችው። "አየሁት። ከሩቅ ሲመጣ አየሁትና ገባኝ። አቅርቤለት ፊቴን አዞርኩ።"

"የት ሄደ? ቢቢ፣ በአላህ፣ የት ሄደ?"

"ከዚህ በኋላ የት ትሄዱ ነበር?"

"ቤት።"

አሮጊቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ዳቦ ሰቅላችሁለታል?"

ናርዙላ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ማለቱ ነው።

"ስማኝ። ታናሽ ወንድሜ ወደ አፍጋኒስታን ጦርነት ሲወሰድ እናቴ ዳቦውን ሰቀለችለት። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጣ። ሁላችንም አየነው። እናቴ በደስታ አብዳ ዳቦውን አወረደችለት። 'ብላ፣ ጨርስ' አለችው። ተቀመጠ፣ ሄደ። ዳቦው እንዳለ ነበር፤ አልተነካም። እኔ ነገሩ ከንክኖኝ ፍርፋሪውን ቀመስኩ። ምንም ጣዕም አልነበረውም። በሳምንቱ በቆርቆሮ ሣጥን አመጡት።" ቀና ብላ አየችው። "ዳቦው የሚጠራው በእግሩ እንዲመጣ ነው እንጂ እንዲህ እንዲመጣ አይደለም። እንዲህ መጥቶ ጣዕሙን ከጨረሰው ግን መጣ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ገላው የሚመልሰው ነገር የለም። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ!"

እየሮጠ ደወለ። ሳኖባር ወዲያው አነሣችው፤ ድምፅዋ የሙሽራ ድምፅ ሆኗል።

"የፓርቪዝ አባት! እኔም ልደውልልዎ ነበር። ቶሎ ይምጡ! ዛሬ ልቤ ነግሮኛል፤ ከቀትር ጀምሮ ቤቱ እሱን እሱን ይለኛል። ዳቦውን አወረድኩት፤ በእንፋሎት አለሰለስኩት፣ ልክ እንደ ትኩስ ሆነልኝ። ሻይም..."

"ሳኖባር ስሚኝ! ስቀዪው! ዳቦውን መልሰሽ ስቀዪው!"

"ምን አሉ? አይሰማኝም። ቆይ፣ በሩ..." ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው። ከዚያ ከሩቅ ድምፅዋ፤ "ልጄ! የኔ ጌታ! ግባ፣ ግባ! ውይ እግርህ፣ በረዶ ሆኗል እኮ!"

ስልኩ አልተዘጋም። ናርዙላ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦት ነዳ። ልጁ ትንሽ ሳለ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ነው። ወደ ከተማው እስኪገባ ድረስ ከዚያ ወንበር የሚስቱ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ የሚስቱ ብቻ።

"ተቀመጥ፣ እዚህ ፍራሹ ላይ።" ዝምታ። "አባትህ? አሁን ይመጣሉ። የት እንደሚውሉ ታውቀው የለ!" ሳቀች። ዳቦ ሲቆረስ ተሰማ። "ብላ። ቀስ ብለህ፣ ማንም አይቀማህም።" ረጅም ዝምታ። "ምነው አትናገርም? እሺ፣ እሺ፣ መጀመሪያ ብላ።"

"አትስጪው!" ይጮሃል ናርዙላ። "ሳኖባር! አትስጪው!" አጠገቡ የሚነዳ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሽማግሌው፣ ጤና የለዎትም እንዴ?" አለው።

በሩ እስከ ጥጉ ተከፍቷል። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ ሳኖባር አልቆጣችውም፣ አላየችውምም። የማዕዱ ጨርቅ ጫፍ ላይ ተንበርክካ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ፍራሽ እያየች ታለቅሳለች፤ ትስቃለችም።

"መጡ!" አለች። "ይኸው አባትህ መጡ። ይዩት እስቲ፣ እንዴት ከስቷል!"

ናርዙላ አየ። ባዶ ፍራሽ ነው። ከተማው ሁሉ ያየውን ልጁን እሱ ማየት አልቻለም። ዓይኑን አሸ፤ ቀርቦ አየ። ፍራሹ ብቻ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው። ብርድ ከዚያ በኩል ይመጣል። ጨርቁ ላይ ዳቦው ተቆርሶ ተደርድሯል፤ አንዱም ቁራሽ አልጎደለም።

ተንበረከከና ቁራሾቹን አንድ በአንድ ወደ አፍንጫው አመጣቸው። የመጀመሪያው ምንም አይሸትም። ሁለተኛውም። ሌላውም፣ ሌላውም። መጨረሻ ላይ የጥርሱ ምልክት ያለበት ቁራሽ ቀረ፤ ከዚያ ቀጭን፣ ሩቅ የሰሊጥ ሽታ መጣ። የምድጃው ጭስ ሽታም አለበት። ያ ቁራሽ ብቻ ነው ገና ዳቦ የሆነው።

"ምን ያሸታሉ? ይስጡት እንጂ!" አለች ሳኖባር። "እጁን ዘርግቶ እየጠበቀዎት እኮ ነው!"

ቁራሹን በመዳፉ ጨመቀው። ልጁን ውጣ ማለት እንዴት ይቻላል? በየትኛው አፍ? ከአንድ ዓመት በላይ ና ና ሲለው ኖሮ! ያን ጊዜ ዓይኑ ማንቆርቆሪያው ላይ ዐረፈ።

እኛ ዘንድ ለሰው ሻይ ሲቀዳ ፍንጃሉ ከግማሽ አያልፍም። ቶሎ ቶሎ ልቅዳልህ፣ ቆይልኝ ማለት ነው። እስከ አፉ የተሞላ ፍንጃል ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ጠጣና ሂድ። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ለጠላቱ እንኳ በቤቱ ሞልቶ የቀዳ ሰው በሰፈር ስሙ በበጎ አይነሣም፤ ለልጁ የቀዳ አባት ደግሞ ከዚያ በፊት አልተሰማም።

ናርዙላ ፍንጃሉን ፍራሹ ፊት አስቀመጠ። ማንቆርቆሪያውን አነሣና ቀዳ። ግማሽ ሲደርስ አላቆመም።

"የፓርቪዝ አባት" አለች ሳኖባር።

ቀዳ። እስከ ከንፈሩ ሞላ። ጠርዙን አልፎ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ፤ ያኔም አላቆመም።

"አብደዋል እንዴ! ልጄን! ከገዛ ቤቱ!" ክንዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ናርዙላ ግን ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን አጋደለው። ከዚያ ባዶው ፍራሽ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰካራም ሲያስወርድ በሚናገርበት ድምፅ "ጠጣና ተነሣ" አለ። "እዚህ የሚበላ የለም። ሂድ ወደመጣህበት።"

ፍራሹ እንደጎደጎደ ቆየ። ሻዩ በጨርቁ ላይ እየተስፋፋ ወደ ጉልበታቸው መጣ። ናርዙላ ቁራሹን በጨበጠበት እጁ ላይ ብርድ ተሰማው፤ ጣት የሚመስል ብርድ፣ ጉልበት የሌለው፣ መዳፉን ሊከፍት የሚሞክር። ጨብጦ ያዘ። ጥርሱን ነክሶ ጨበጠ። ከዚያ ብርዱ ለቀቀው። ፍራሹ ቀስ እያለ፣ ጥጡ እየተነፋ፣ ሞላ። ሳኖባር አንገቷን ወደ በሩ አዞረች፤ የሆነ ነገር በዓይኗ ሸኘችና እሪ አለች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሳኖባር ግድግዳው ስር ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች፤ ባሏን "አይንኩኝ" አለችው። ናርዙላ ግን ቁራሹን ከእጁ አልለቀቀም። ልክ ሠርቼ ይሁን፣ ወይ ልጄን እየሞተ ሳለ ከደጄ አባርሬው ይሁን፣ የሚነግረው አልነበረም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ኢልሆም ነው፤ እያለቀሰ ስለሆነ መጀመሪያ አልገባውም።

"ነቃ! አካ፣ ነቃ! ትናንት አመሻሹ ላይ ልቡ ቆመ ብለው ሮጡ፣ ከዚያ በድንገት ዓይኑን ገለጠ። ሌሊቱን አላስጠጉኝም። ይኸው፣ ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ፣ ብዙ አያናግሩት።"

ሳኖባር ድምፁን ሰምታ ከግድግዳው ስር ተነሣች። ናርዙላ ስልኩን በመሐላቸው ያዘው።

"አባባ" አለ ፓርቪዝ። ድምፁ እንደ ሽማግሌ ደክሟል።

"ነፍሴ! የኔ ነፍስ!"

"ሕልም ነው ይሉኛል እዚህ። ቤት መጥቼ ነበር። እማማ ዳቦዬን ቆርሳ ሰጠችኝ። እርስዎ ገቡ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ፍንጃሌን እስከ አፉ ሞሉብኝ።"

ናርዙላ በሌላው እጁ ቁራሹን አጥብቆ ጨበጠ።

"ምን አጠፋሁ፣ አባባ? ርቦኝ ነበር እኮ።"

"በእግርህ ና" አለ ናርዙላ። "ልጄ፣ በእግርህ ና እንጂ፤ ግማሽ ግማሹን እየቀዳሁ እስኪሰለችህ አስቀምጥሃለሁ።"

ፓርቪዝ ግን ሌላው ነገር ነበር የከነከነው።

"ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።"

"አላየሁህም" አለ አባቱ። "ሰው ሁሉ አየህ፣ እኔ ብቻ አላየሁህም። አይቼህ ቢሆንማ እጄ እሺ ብሎ አይቀዳም ነበር።"

ሳኖባር ስልኩን ከእጁ ተቀበለችውና ከልጇ ጋር መነጋገር ጀመረች።